ከኮሌታው ሥር ያለችው ጨርቅ

በገበያ ቀን ቡሬ ላይ የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ሲፈታ ሰው ከብቦ ይጎትታል። ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ብብቱ እንዳልተቀደደ፣ ዚፑ እንደሚሠራ፣ ቁልፎቹ እንዳልጎደሉ ነው። ነጋዴው በበኩሉ ኮሌታውን ገልበጥ አድርጎ «ኦርጅናል ነው፣ እየው!» ይላል። ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን ከአንገቱ ሥር በተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ላይ ያርፋል። በእሷ ምክንያት ዋጋው ይወጣል ይወርዳል። ልብሱ ተሸጦ ቤት ከደረሰ በኋላ ግን ሌብሏ አንገት ታሳክካለች ተብላ በምላጭ ትነሣለች።

አብሯት የሚጣለው የልብሱ የልደት ወረቀት ነው። ማንበብ ለሚያውቅ ሰው፣ ልብሱ መቼና የት እንደተሰፋ ከዚህች ቁራጭ የበለጠ የሚናገር የለም።

ቀላሉ ፍንጭ የአገር ስም ነው። «በምዕራብ ጀርመን የተሠራ» የሚል ጃኬት ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱበት ከመስከረም 1983 ዓ.ም. በፊት የተሰፋ ነው። ሶቪየት ኅብረት የሚል ካፖርት ከ1984፣ ቼኮዝሎቫኪያ የሚል ጫማ ከ1985 ወዲህ ሊሠራ አይችልም፤ አገሮቹ በስማቸው የሉምና። የፍኖተ ሰላም ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማው ራሱ ቀድሞ ወጀት ይባል ነበር፤ «ወጀት» ብሎ የሚጀምር አሮጌ ወረቀት ያገኘ ሰው፣ ቀን ባይጻፍበትም ዘመኑን ይገምታል። የአገር ስም በልብስ ላይም ሥራው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ፍንጭ የማጠቢያ መመሪያው ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዴት እንደሚታጠብ የሚገልጽ ቋሚ ሌብል በልብስ ላይ እንዲሰፋ ሕግ ያስገደደው እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ነው። የንግድ ምልክቶችም ዘመን ይናገራሉ። የንጹሕ ሱፍ ምልክት የሆነችው የተጠቀለለች የክር ቅርጽ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለሆነ፣ እሷ ያለችበት ኮት ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። የሊቫይስ ጂንስ በኋላ ኪሱ ጠርዝ ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ በዚያ ላይ የስሙ «ኢ» ፊደል በትልቁ ይጻፍ የነበረው እ.ኤ.አ. እስከ 1971 ነው። የአዲዳስ ሦስት ቅጠልም እ.ኤ.አ. ከ1972 የሙኒክ ኦሎምፒክ ዘመን የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም ኩባንያዎች የጥንቱን መልክ ዛሬም መልሰው ይሠራሉ፤ ትልቁን «ኢ» ወይም ቅጠሉን ብቻ አይቶ አሮጌ ነው ማለት አይቻልም። ፎርጅዱም ብዙ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ዚፑን፣ ስፌቱን፣ የጨርቁን ዓይነት አንድ ላይ ይመረምራል። ሌብሉ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹን እያወራ ጨርቁ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ አንዱ ዋሽቷል።

እስካሁን የተባለው በቦንዳ ስለሚመጣው ልባሽ ጨርቅ ነው። ለንግድ ማስገባቱ ክልክል ቢሆንም በየገበያው አለ። ይበልጥ የሚያጓጓው ግን በየቤቱ ሳጥን ሥር የተቀመጠው ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ማብቂያ ጣሊያን ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ፣ ከኋላው የተከተለው በእንግሊዛዊው ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ነበር፤ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን ወታደሮች ነበሩበት። የእንግሊዝ ጦር ልብስ ደግሞ በሌብሉ ላይ የሰፊውን ስም፣ ቁጥሩን፣ የተሠራበትን ዓመትና የመንግሥት ንብረት መሆኑን የምታመለክት ሰፋ ያለች የቀስት ጫፍ ይይዛል። በዚህ አካባቢ ከአያት የወረደ የካኪ ኮት ያለው ቤተሰብ፣ ውስጡን ገልብጦ ያችን ቀስት ቢያገኝ፣ የአያቱን ታሪክ በጨርቅ ላይ ታትሞ አገኘ ማለት ነው። ከማጠቡ በፊት ፎቶ ቢያነሣት መልካም ነው፤ የታተመ ቀለም ውኃ ይወስደዋል።

የአገር ውስጥ ፋብሪካዎችም የራሳቸውን ምልክት ትተዋል። «ዳርማር» የሚል ጫማ አርመኖች አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት ፋብሪካ ሥራ ነው። በ1967 ደርግ ፋብሪካዎችን ሲወርስ እሱም ተወረሰና አንበሳ ጫማ ተባለ። ስለዚህ መርገጫው ላይ ያለው ስም ብቻ ጫማውን ከአብዮቱ ወዲያ ወይም ወዲህ ያስቀምጠዋል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደግሞ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። አንድ የባሕር ዳር አንሶላ በጠርዙ ላይ ማኅተሙ ካልጠፋ፣ ከወረራው ጋር የሚያገናኘው ክር አለው። እነዚህን ማኅተሞች ሰብስቦ ከነዓመታቸው የሚያስቀምጥ ሰው ቢገኝ ትልቅ ሥራ ነው፤ ጨርቆቹ በየዓመቱ መወልወያ እየሆኑ ያልቃሉ።

ጋቢና ቡልኮ ሌብል የላቸውም። እነሱን የሚያነባቸው ጣት ነው። ድሩ ወጥና ቀጭን ሆኖ ማጉ ወፈር ሳሳ ካለ፣ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእናቶች ፈትል ነው። ሁለቱም ወፈር ሳሳ ካሉ ደግሞ ድሩም ማጉም በእንዝርት የተፈተለ፣ ምናልባትም የቆየ ጋቢ ነው።

ከጎማ የሚሠራው በረባሶ እንኳ ቀን አለው። የመኪና ጎማ ጎኑ ላይ ከሚታተሙት ቁጥሮች መጨረሻ ያሉት አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3516 ቢል፣ እ.ኤ.አ. የ2016 ሠላሳ አምስተኛው ሳምንት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት ቁጥሮቹ ሦስት ነበሩ። ቆራጩ ያንን ክፍል ሳይጥለው ከቀረ፣ ገበሬው በእግሩ የሚረግጠው ጎማ ከፋብሪካ የወጣበትን ሳምንት ይዞ ይሄዳል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ሊመጣ ይችላል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 መጨረሻ ሲመረቅ፣ ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው የአሜሪካው ፒቪኤች ኩባንያ እዚያ ገብቶ ነበር፤ በ2014 ኅዳር ላይ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዚያ መካከል የተሰፉ ሸሚዞች «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚል ሌብል ይዘው ባሕር ተሻገሩ። ሰዎች ለብሰው የጣሏቸው እነዚያ ሸሚዞች አንድ ቀን በቦንዳ ታስረው ቡሬ ቢፈቱ፣ ነጋዴው ኮሌታውን ገልብጦ ሲያሳይ፣ ገዢው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአገሩን ስም ያነባል።