ፈቃድሽ ነው ወይ?

ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ
የካቲት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ባለቤቴ፤

  እናትህ ደህና ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዲሱ ገበያ ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። ጉልበታቸውን ትንሽ ይዟቸዋል፤ ቢሆንም ቡናውን እኔ ላፍላ ብላቸው እሺ አላሉም። ክፍልህን ዛሬም በየሳምንቱ ይጠርጋሉ።

በየማታው በስልክ እየተያየን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። እስቲ የዚህን ወር ጨዋታችንን አስበው፦ ቀጠሮው ወጣ? ማኅተሙ ተመታ? ትርጉሙ አለቀ? ኦሪጅናሉን ነው ኮፒውን የሚፈልጉት? ይህን ተባብለን ሌላ ነገር ልናወራ ስንል ወይ አንተ ለማለዳ ፈረቃ ትተኛለህ፣ ወይ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ስለዚህ ዛሬ ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ተቀመጥኩ። በስልክ ያልተመቸኝ አንድ ነገር አለኝ፤ እሱ ጋ ለመድረስ ግን እንደ ልማዴ ዞር ዞር ማለቴ አይቀርም።

መጀመሪያ የምሥራቹን፤ የጀርመንኛ ፈተናውን አልፌያለሁ! ማለፊያው ከ100 60 ነው፤ እኔ 78 አመጣሁ። ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት ደጃፍ ላይ ወረቀቱን ይዤ ብቻዬን ስስቅ ያየኝ ሰው ምን እንዳለ እንጃ። ማዳመጡም ማንበቡም ደህና ነበር። ጽሑፉ ላይ መጀመሪያ ፎርም አስሞሉን፤ ከዚያ 30 ቃል ያህል የሚሆን አጭር ደብዳቤ ጻፉ አሉን። 30 ቃል! እኛ አገር 30 ቃል ሰላምታውን እንኳ አያዳርስም። እኔ ገና "ለጤናሽ እንዴት ነሽ" ብዬ የላሟንም የጎረቤቱንም ሳልጠይቅ ቃሉ አለቀብኝ።

ንግግሩ ላይ ደግሞ ስሜን ተናግሬ ሳበቃ "ቢተ ቡኽሽታቢረን ዚ" አለችኝ ፈታኟ፤ ፊደል በፊደል ቁጠሪው ማለቷ ነው። የራሴን ስም ቆጠርኩ። የቤተሰብ ስም ስትለኝ የአባዬን ስም ቆጠርኩ። ማታ ለአባዬ ይህንኑ ብነግረው የሸማ መወርወሪያውን ያዝ አድርጎ "እኔንም ይዘሽኝ ልትሄጂ ነዋ!" አለኝ። እውነቱን ነው። እዚያ አገር በየመሥሪያ ቤቱ የምጠራው በእሱ ስም ሊሆን ነው። አንተም በአባትህ ስም ትጠራለህ፤ ባልና ሚስት ሆነን ስማችን ለምን አይገጥምም ለሚለን ሁሉ፣ እኛ አገር ሚስት በባሏ ስም እንደማትጠራ ስናስረዳ እንኖራለን።

ጎረቤቶቻችን ግን ጀርመንኛ መማሬን እስካሁን አልተቀበሉትም። "አሜሪካ ደጅሽ ላይ ቁጭ ብሎልሽ ምን ያሮጥሻል?" ይሉኛል። በእርግጥ የአሜሪካን ኤምባሲ አጥር በቀን ሁለቴ አልፈዋለሁ። ጠዋት ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ ታክሲ ስጠብቅ ባለ ቀጠሮዎቹ ተሰልፈው አያቸዋለሁ። ከገጠር የመጡ ወላጆች ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ሙሽሮች የሠርግ አልበም በፌስታል ጠቅልለው፣ ከወዲያ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገና በማለዳ ተከፍቶ። እኔ እነሱን አልፌ ወደ ጀርመኖቹ ኤምባሲ ቀበና ድረስ መሄድ አለብኝ። የእኔ ዕጣ የቤቴን ደጅ ትቶ ቀበና መውረዱ መቼም ያንተ ጥፋት ነው።

ከእኛ በላይ ያለው ቤት ልጅ ባለፈው ዓመት ማግባቷን ታስታውሳለህ። የእሷ ጉዳይ የአሜሪካ ነው፤ ቪዛው ወጣላት። ልትሰናበተኝ ስትመጣ ያጫወተችኝ ነገር ግን ከውስጤ አልወጣም። ጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለምትገባ ሚስት የሚሰጣት ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ነው አለችኝ። ሊያበቃ ሲል ባልና ሚስት አንድ ላይ ሆነው፣ ጋብቻችን እውነተኛ ነው፣ ይኸው ማስረጃው ብለው እንደገና ያመለክታሉ። "ስለዚህ አሁን ያገባሁት በግማሽ ነው" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

የእኔን የወረቀት ጉዞ በቁርጥራጭ ነግሬሃለሁ፤ ሙሉውን አንዴ ስማው። የልደት ሰርተፍኬት፣ ያላገባ ማስረጃ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት። ከዚያ ማረጋገጫ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ትርጉም። አንዱ ጋ፣ ስሙን አልጠራውም፣ ጸሐፊው የስሜን አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አጎደለብኝ። በአማርኛው አንድ ሴት ነኝ፤ በእንግሊዝኛው ግን ፓስፖርቴ ላይ ያለችው ሌላ፣ ሰርተፍኬቱ ላይ ያለችው ሌላ ሆነን ቁጭ አልን። ያቺን አንዲት ፊደል ለማስመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የልደት ዘመኔንም ልብ በልልኝ፤ እዚያ ስደርስ በነሱ አቆጣጠር ቁጥሩ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨምራልና ልጅ ሆነችብኝ እንዳትል።

ይህም ሆኖ ማኅተም ብቻውን አይበቃም። የጀርመን መንግሥት የእኛን አገር ሰነድ በማኅተሙ አምኖ መቀበል ካቆመ ቆይቷል፤ ወረቀቱ ከወጣበት መዝገብ ድረስ እየተሄደ ይጣራል። መጀመሪያ ስሰማ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ግን አልፈርድባቸውም። የወረቀት ጋብቻ በእኛም ሰፈር አለ፤ በዲቪ ዘመን ስንቱ ከማያውቀው ሰው ጋር ፎቶ ተነስቶ፣ ስንቷ የእኅቷን ባል ባሌ ነው ብላ እንደሄደች አንተም ሰምተሃል። ውሸቱ ስለበዛ እውነተኛው ሰው ይጉላላል።

የሚያስቸግረኝ ማስረጃ ማምጣቱ ሳይሆን ማስረጃ የሚሆነው ነገር ነው። ፎቶ አለን፤ የአውሮፕላን ቲኬትህ አለ፤ የላክልኝ ገንዘብ ደረሰኝ አለ። ባለፈው ክረምት መጥተህ ሳለ ግን አባዬ ድሩን ሲዘረጋ "እኔ ልያዝልህ" ብለህ ክሩን እንዴት እንዳወሳሰብከው ማን መዘገበው? አባዬ ሙሉ ከሰዓት ሲፈታው ዋለ፤ አንተም ከፊቱ ተቀምጠህ የጋሞ ደጋ ልጅነቱን ስታስተርከው ዋልክ። እኔ ያኔ በሩ ላይ ቆሜ ይህ ሰው ባሌ ነው ያልኩት ነው ዋናው ማስረጃዬ። ይህን የት ላይ ማኅተም ያስመቱልኛል?

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

የተጋባን ቀን ትዝ ይልሃል? የክብር መዝገብ ሹሟ ፊት ቀረብን፤ በአንተ በኩል ሁለት፣ በእኔ በኩል ሁለት ምስክሮች ቆሙ። ሹሟ ወደ እኔ ዞር ብላ "በፈቃድሽ ነው ወይ?" አለችኝ። ድምፄ አልወጣ ብሎ ሁለተኛ ጠየቀችኝ። "አዎ" አልኩ፤ ፈረምን፤ አለቀ። በሕገ መንግሥቱም ጋብቻ የሚቆመው በሁለቱ ሰዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ነው። ያ ፈቃድ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ወዲህ የምንሮጠው ለሌላው ፈቃድ ነው፤ ለመኖሪያ ፈቃድ። ቃሉ ያው አንድ ነው፤ የሚሰጠው ሰው ግን ሌላ ነው። የላክልኝን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ቪዛው ሲወጣ እመጣለሁ፤ እዚያ ስደርስ አድራሻ አስመዘግባለሁ፤ ከዚያ የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት የመኖሪያ ፈቃዱን ይሰጠኛል፤ በሱም ሥራ መሥራት እችላለሁ። እዚህ ድረስ ደስ ይላል። ግን እግዜር አያድርገውና ሦስት ዓመት ሳይሞላን ብንለያይ፣ ልዩ ችግር ካልደረሰብኝ በቀር፣ በራሴ ስም የመኖር መብት የለኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ መኖሬ ባንተ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል ማለት ነው። አንተ ክፉ አይደለህም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ከባሏ ጋር ተጣልታ በማግስቱ እናቷ ቤት ገብታ ማኩረፍ ለለመደች የሽሮ ሜዳ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንተ ካለህበት ከፍራንክፈርት ተነስቼ የት ሄጄ ላኩርፍ?

አንተም ደግሞ እዚህ እንግዳ ነህ፤ ይህን የምጽፈው ልቤ እያዘነ ነው። የጀርመን ፓስፖርት የወሰድክ ዕለት፣ በዜግነት አዋጁ በቁጥር 378/1996 መሠረት፣ ኢትዮጵያዊነትህን በገዛ ፈቃድህ እንደተውክ ተቆጠረ። ይኸውልህ፣ ፈቃድ የሚለው ቃል እዚያም አለ። አሁን እናትህ ቤት የምትገባው በቢጫ ካርድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተሰጠህ ብዙ ነው፤ ያለ ቪዛ ትገባለህ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ትኖራለህ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠራለህ፣ ቤትም መግዛት ትችላለህ። መምረጥና መመረጥ ግን አትችልም። እኔ ባንተ አገር እንግዳ፣ አንተ በእኔ አገር እንግዳ። አልጋችን አንድ ሆኖ በሩ ሁለት ነው።

ስለ ፓስፖርት የጠየቅከኝንም አሁን ልመልስልህ። ጀርመን ከሰኔ 2016 ጀምሮ ሁለት ዜግነት መያዝን ፈቅዳለች፤ "ከዓመታት በኋላ አንቺም ትወስጃለሽ" ያልከኝም ለዚህ ነው። የእኛ ሕግ ግን አልፈቀደም። በጃንሆይ ዘመን በወጣው በሐምሌ 1922ቱ የዜግነት ሕግ፣ የውጭ ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት ጋብቻው የባሏን ዜግነት ካሰጣት የራሷን ታጣ ነበር። አያቴ የኖረችው በዚያ ሕግ ሥር ነው። ዛሬ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33፣ ኢትዮጵያዊ ወንድም ሆነ ሴት ከውጭ ዜጋ ጋር በመጋባቱ ዜግነቱ አይቀርበትም ይላል። ይህን አንቀጽ በእጄ ገልብጬ ፋይሌ ውስጥ ከጋብቻ ሰርተፍኬቱ ኋላ አስቀምጬዋለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ለራሴ ነው። ሦስት ዓመቱ ሲሞላ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ፓስፖርቴን ግን አልቀይርም። እናትህ ቢያማቸው፣ አባዬ ቢደክመው፣ ከሁለታችን አንዳችን ማንንም ሳይጠይቅ በበሩ መግባት አለበት። ይህን እንደ ፍቅር ማነስ እንዳትቆጥርብኝ።

አሁን በስልክ ያልተመቸኝን ልንገርህ። ከተጋባን ጀምሮ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። መቼ ተዋወቃችሁ፣ የት ተዋወቃችሁ፣ ስንት ጊዜ መጣ፣ ወንድሞቹ ስንት ናቸው። የቪዛ ቃለ መጠይቁን መልስ አጥንቼ በእንቅልፌ እንኳ እመልሰዋለሁ። አንተም ቀጠሮውን ትጠይቀኛለህ፤ ማኅተሙን ትጠይቀኛለህ። "ትመጪያለሽ ወይ?" ብለህ ግን አንድም ቀን አልጠየቅከኝም። እንደምመጣ ስለምታውቅ ነው፤ ይገባኛል። እኔም ጠይቀኝ አላልኩህም። ግን አባዬን፣ ሱቁን፣ በክረምት ከእንጦጦ የሚወርደውን ጭጋግ ትቼ የምመጣው እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሁሉ ስለ አንተና ስለ እኔ ነው የሚጠይቁኝ፤ ስለ ፍላጎቴ የጠየቀችኝ ሹሟ ብቻ ነች።

አባዬ ጋቢ እየሠራልህ ነው። ጥለቱን ምን ዓይነት ላድርግለት ብሎኝ ነበር፤ ያንን ያወሳሰብከውን ክር አስገባበት አልኩት። እስከ ፋሲካ ያልቃል። የአንተን የአድራሻ ማስረጃ አዲሱን ላክልኝ፤ የቀድሞው ቀኑ እንዳያልፍበት ፈርቻለሁ። መድኃኒቱንም ለእናትህ አትርሳ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ፣ ማታ ስትደውል፣ ቀጠሮውን ከማንሳትህ በፊት ጠይቀኝ። ድምፄ አልወጣ ቢል ኔትወርኩ ነው ብለህ እንዳትዘጋው። እንደ ሹሟ ሁለተኛ ጠይቀኝ።

ናፋቂህ ሚስትህ
ከሽሮ ሜዳ