የአባቴ ጥለት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኪነት ክበባችን ነጠላ ነው። ብዙዎቻችሁ መድረክ ላይ አይታችሁታል። እንዴት እንደተሠራ ግን የምታውቁ ጥቂት ናችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን በስልካቸው አንድ ቪዲዮ አሳዩን። የስኮትላንድ ሙዚቀኞች ናቸው። ወንዶቹ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቀሚስ ለብሰው፣ አቅማዳ የመሰለ ነገር ብብታቸው ሥር ይዘው እየነፉ በሰልፍ ይሄዳሉ። እኛ ቀሚሱን አይተን ሳቅን። መምህራችን ግን "ጨርቁን እዩት" አሉን። ጨርቁ ታርታን ይባላል። በድሩ ላይ ያለው የቀለም ቅደም ተከተል በማጉም ይደገማል። ስለዚህ ሲሸመን አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይወጣል። አንዱ ቡድን ቀይ የበዛበት፣ ሌላው ጥቁር አረንጓዴና ሰማያዊ ይለብሳል። የሚያውቅ ሰው ከሩቅ በጨርቁ ይለያቸዋል። በ1746 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ መንግሥት ካመጹበት በኋላ የስኮትላንድ ደገኞች ይህን ልብስ እንዳይለብሱ በሕግ ከልክሎ ነበር። ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው።

የእኛም እኮ እንደዚያው ነው። በቴሌቪዥን የባህል ቡድን ሲወጣ ከበሮው ሳይመታ እናውቀዋለን። አረንጓዴ ቁምጣ ካየን ጎጃም ነው እንላለን። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዱንጉዛ ካየን ወላይታ ወይም ጋሞ ነው እንላለን። ድሮ ደግሞ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የመኳንንት የክብር ልብስ ነበር። ማንም ተነሥቶ አይለብሰውም።

የእኛ ክበብ ግን አምና ለውድድር ሲወጣ ሁሉም ከቤቱ ያገኘውን ለብሶ ስለመጣ ገበያተኛ መስለን ነበር። ዘንድሮ ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ነጠላ እንድንለብስ ተወሰነ። ከዚያ ክርክር ተነሣ። ወረታ እንደምታውቁት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ገሚሱ "አረንጓዴ ይሁን" ሲል ገሚሱ "የለም፣ እኛ ጎንደር ነን፣ ቀይ ይሁን" አለ። በመጨረሻ ሁለቱም ይግቡበት ተባለ። ከባሕር ዳር ሱቅ ተገዝቶ ይምጣ ሲባል ግን ከ14 ልጆች አምስቱ መክፈል አይችሉም። አንዷ የቅርብ ጓደኛዬ ናት። ከበሮ የምትመታውም እሷ ናት። "እኔ ይቅርብኝ" አለች።

የክበቡ ኃላፊ "ከእናንተ ውስጥ ሸማኔ የሚያውቅ አለ?" ብለው ጠየቁ።

እኔ ዝም አልኩ። አባቴ ሸማኔ ነው።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ። አራተኛ ክፍል እያለሁ ከአንድ ልጅ ጋር ተጣላንና "የቁጢት በጣሽ ልጅ" ብሎ ሰደበኝ። ቁጢት ማለት ድሩ እንዲጠነክር የሚቀባ እንደ ሙቅ ያለ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው ሲሉኝ "ገበሬ" ነው የምለው። ሩዝም ስለምንዘራ ውሸት አይደለም እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እንደከለከሉ አውቃለሁ። እዚሁ ፎገራ ወረዳ ውስጥ በ1964 ዓ.ም. አቶ ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በሽመና እንደሚተዳደር፣ ሰውም ከውጭ አገር ሳይቀር ሊያየው እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ለፈተና እጽፈዋለሁ። ስለ አባቴ ሲሆን ግን አፌ አይከፈትም።

በማግስቱ ጓደኛዬ ለልምምድ ሳትመጣ ቀረች። ከበሮው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ያኔ እጄን አወጣሁና "መምህር፣ አባቴ ሸማኔ ነው" አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሳቀ የለም። አንዱ ልጅ ብቻ "ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽንም?" አለኝ። መልስ አጣሁ።

ማታ ለአባዬ ነገርኩት። "ክሩን አዋጥታችሁ ግዙ፣ የእጄን አልጠይቅም" አለ። ደብተሬ ላይ አረንጓዴና ቀይ ጎን ለጎን ሥዬ አሳየሁት። አየት አደረገና "ይኼ ከሩቅ ይደበላለቃል ልጄ። በመሀል ቀጭን ነጭ ካልገባበት አንዱ አንዱን ይውጠዋል" አለኝ። ከዚያ ቆጠረ። መሀሉን 24 ጊዜ አረንጓዴ፣ በግራና በቀኝ አራት አራት ነጭ፣ ዳር ዳሩን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ቀይ። ጥለት ለካ ሒሳብ ነው። አንዷን ክር ብትረሳ ነጠላው እስኪያልቅ ታሳጣሃለች።

እኔም ልሞክር ብዬ ለመንኩት። "ሴት ልጅ ትፈትላለች እንጂ" ሲለኝ "አውራ አምባ ሴቶቹም ይሸምናሉ" አልኩት። ሳቀና ጉድጓዱ ውስጥ አስገባኝ። መወርወሪያውን ሃያ ጊዜ ያህል ወረወርኩ። አባዬ ስምንቱን ፈታው። እጅ፣ እግርና ዓይን እኩል ካልሠሩ አይሆንም። እሱ ይህን ሲያደርግ ነው ለደብተሬ የሚከፍለው።

አሥራ ሁለት ነጠላ እንዳለቀ ቀዩ ክር አለቀ። አዲስ የገዛነው ከበፊቱ ትንሽ ጠቆር ይላል። አባዬ ተበሳጨ። ሌላ ገንዘብ ስላልነበረን በእሱው ጨረሰው። ሁለቱን ነጠላ እኔና ጓደኛዬ ወሰድን። በውድድሩ ቀን እሷ ከከበሮዋ ጋር በአንዱ ዳር፣ እኔ በሌላው ዳር ቆምን። ሁለተኛ ወጣን። አባዬ ከኋላ ቆሞ ያይ ነበር። እንዴት ነበርን ብዬ ስጠይቀው ስለ ጭፈራው ምንም አላለም። "የሁለታችሁ ቀይ ያስታውቃል" አለኝ።

ያኔ የሰደበኝ ልጅ ዛሬ እዚሁ ክበብ ውስጥ አለ። እስክስታ ላይ ጎበዝ ነው። አባቴ የሠራውን ነጠላ ለብሶ ነው የጨፈረው። እኔ ምንም አላልኩትም። ይህን ሲያነብ ግን ስለ እሱ እንደሆነ ይገባዋል። አልተቀየምኩትም። ነጠላውን ሲያጥብ በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፣ ቀዩ ነጩን እንዳያበላሸው።