ኮንቴነሩን ከመረከብሽ በፊት

ይድረስ ለልጄ፤ ስለ ምግብሽና ስለ ቤት ኪራዩ እናትሽ በስልክ ስለነገረችሽ ያንን ለእሷ ትቼ ስለ ሥራሽ ብቻ ልጻፍልሽ። ከሰኞ ጀምሮ የወረዳው አዳቃይ ቴክኒሻን ነሽ። የኮርማ አባለዘር የያዘ ኮንቴነር ትረከቢያለሽ፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የቀዘቀዘ ነው። ይህንን ተምረሽዋል። እኔ የምነግርሽ በሥራ ላይ የሚዘነጋውን ነው።

ሰው ሁሉ ቅዝቃዜውን ይፈራል። እኔ የምፈራልሽ አየሩን ነው። አንድ ሊትሩ ሲተን ወደ 700 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይሆናል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሞላ የኦክስጅኑን ቦታ ይይዛል፤ አንቺን ግን ሲያፍንሽ አይታወቅሽም። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። አየር ሲያጥረን የሚያስጨንቀን ደማችን ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ናይትሮጅን በሞላበት ክፍል ግን እሱን እንደ ወትሮው እያስወጣን ስለምንተነፍስ ጭንቀቱ አይመጣም። ኦክስጅኑ እጅግ ከወረደ አንድ ሁለቴ እንደተነፈሱ ራስን መሳት አለ። ነጩን ጭጋግ አይተሽ አትተማመኚ፤ እሱ ቅዝቃዜው ያጤዘው የአየር እርጥበት ነው። ጭጋጉ ከጠፋም በኋላ ቀዝቃዛው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተኝቶ ይቆያል።

እኔ በሠራሁባቸው ወረዳዎች ኮንቴነሩ የሚቀመጠው ዕቃ ቤት ጥግ ነበር፤ ሌባ ይፈራል ተብሎም መስኮቱ ይደፈናል። አንቺ ይህንን አትቀበዪ። ናይትሮጅን ስትሞዪ በርና መስኮት ክፍት ይሁን፣ ሰው ውጭ ቆሞ ይይሽ። በመኪና ሲጓጓዝ ክፍት ፒክአፕ ላይ ቀጥ ብሎ ይታሰር። ሾፌሩ ለዕቃው አስቦ «ጋቢና ይግባ» ቢልሽ፣ አመስግነሽው እንቢ በዪ።

ከሁሉ አጥብቄ የምለምንሽ ይህንን ነው፦ ባልደረባሽ ናይትሮጅን የሞላበት ክፍል ውስጥ ወድቆ ብታዪ ዘለሽ አትግቢ። በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ጌንስቪል ከተማ በሚገኝ የዶሮ ሥጋ ማቀነባበሪያ ፈሳሽ ናይትሮጅን አፈትልኮ ስድስት ሠራተኞች ሞተዋል፤ ሌሎችም የሆነውን ለማየትና ጓደኞቻቸውን ለማውጣት ወደዚያው ሄደው ነበር። ደግ ልብ ያለሽ ልጅ መሆንሽን ስለማውቅ ነው ይህ እንቅልፍ የሚነሳኝ። በሩን ከውጭ ክፈቺ፣ ጩኺ፣ እርዳታ ጥሪ። የመተንፈሻ መሣሪያ የሌለው ሰው ገብቶ አያወጣውም፤ ሁለተኛ በድን ይሆናል።

የኮንቴነሩ ክዳን ላላ ብሎ የሚገጥመው ጋዙ እንዲወጣ ነው። በጨርቅም በፕላስተርም አትወትፊው። ፈሳሹን በፔርሙዝ ስጪኝ የሚል አይጠፋም፤ ጠብቆ የተከደነ ፔርሙዝ ይፈነዳል። መጠኑን ስትለኪ ደረቅ የእንጨት ማስመሪያ ተጠቀሚ፤ ክፍት ቱቦ ብታስገቢ ፈሳሹ በላይኛው አፉ ተፈናጥሮ ፊትሽ ላይ ይረጫል። ኮንቴነሩ ከውጭ አመዳይ ከያዘ የግድግዳው ቫክዩም ተበላሽቷልና መልሺው። ጓንትሽ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ፈሳሽ ከገባበት ወዲያው አራግፈሽ እንድትጥዪው። የፊት መከላከያ አድርጊ፤ ሱሪሽን ቦቲ ውስጥ አትክተቺ፤ ቀለበትሽንም ቤት ተዪው። ቆዳሽን ካቃጠለሽ አትሺው፣ እሳት ዳርም አትሂጂ፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይተሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ገበሬው ላሟ ኮርማ ፈልጋ ከሌሊት ጀምሮ በር ላይ ይጠብቅሻል። ከሩቅ መጥቶ ይሆናል፤ ያሳዝንሻል፣ ያስቸኩልሻልም። ጓንቱ የሚረሳው፣ በሩ ሳይከፈት የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ላሟን ጊዜው ቢያልፋት ከ21 ቀን ገደማ በኋላ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች። ይህንን በትሕትና አስረጂው፤ ከብት የሚያረባ ሰው መጠበቅን ያውቃል።

ሰኞ ክፍሉን እንዳየሽ ደውዪልኝ። መስኮት ከሌለው ለኃላፊው በጽሑፍ አመልክቺ፤ ቅጂውን አንቺ ጋ አስቀሪ፤ እስኪስተካከልም ኮንቴነሩ ነፋሻ በረንዳ ላይ ይደር፣ ዘበኛም ይጠብቀው።

አባትሽ