እናቴን ያሳየኝ ፊልም

ለንባብ፦ የማርቆስ ወንጌል 7፥9-13

ጌታን ካገኘሁ በኋላ ለብዙ ዓመታት ፊልም አላየሁም ነበር። ማንም አልከለከለኝም፤ «የዓለም ነገር ነው» ብዬ ራሴ ተውኩት። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ፊልም ሠሪ ስጽፍላችሁ ለራሴም ይገርመኛል። ነገር ግን እግዚአብሔር በደሌን ያሳየኝ በእኚህ ሰው ሥራ በኩል ስለሆነ ምስክርነቴን ልደብቅ አልችልም።

የተወለድኩት መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ። አገሩን የምታውቁ ብርዱን ታውቁታላችሁ። እናቴ ያሳደገችኝ የበግ ጠጉር እየፈተለች ነው። እሷ የፈተለችውን ሸማኔ ይሠራዋል፣ ባናው ገበያ ይወጣል፣ በዚያ ብር ለእኔ ደብተር ይገዛል።

አዲስ አበባ ለትምህርት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ጌታን ተቀበልኩ። በዚያው ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ ዝክር ደግሳ ጎረቤቱን ሰብስባለች። ጠላው ሲቀርብልኝ ገፋሁት፤ ዳቦውንም አልበላም አልኩ። በዚያ ባበቃ ደግ ነበር። ተነሥቼ ቆምኩና በሰው ሁሉ ፊት እናቴ የምታመልከውን እንደማታውቅ ተናገርኩ። ሰዉ ዝም አለ። እሷም ዝም አለች። እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ብቻ፣ እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ «ልጄ፣ በቤቴ አሳፈርከኝ» አለችኝ።

በማግስቱ ሳይነጋ ወጣሁ። አምስት ዓመት አልተመለስኩም። ተመርቄ ሥራ ያዝኩ። አሥራቴን አላጓድልም፤ ለጌታ ሥራ ሲባልም እጄን እዘረጋለሁ። በጸሎት ኅብረታችን ውስጥ ስለ እናቴ መዳን አስጸልይ ነበር። ለእሷ ግን አንድ ቀን ብር ልኬላት፣ በጎረቤት ስልክ ደውዬም ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ «ስለ ስሙ መለየት» እለው ነበር።

በአምስተኛው ዓመት አንድ ወንድም ቤቱ ጋበዘኝና «ይህ ቁም ነገር ያለው ነው፤ አብረን እንየው» ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ። ፊልሙ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» ነበር።

ስለ ሰውየው ጥቂት ልንገራችሁ። በ1946 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ተውኔት ጸሐፊ ስለነበሩ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቲያትር ውስጥ አደጉ። በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው መጀመሪያ ቺካጎ ቲያትር፣ ቀጥሎም ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማሩ። በ1974 አብዮቱ ሲፈነዳ አገራቸው መጥተው፣ ገበሬዎችን ራሳቸውን ተዋናይ አድርገው፣ ስለ ጭሰኛና ባለርስት የሚናገረውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም ቀረጹ። ለረጅም ዓመታትም ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1993 «ሳንኮፋ» ሲጠናቀቅ የሚያከፋፍልላቸው ድርጅት ስላጡ ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ አሳዩት። በ2008 ደግሞ «ጤዛ» በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ።

ከሕይወታቸው እኔን የነካኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። በልጅነታቸው ሲኒማ ቤት ገብተው የታርዛንን ፊልም ሲያዩ፣ አፍሪካውያኑን ትተው ለታርዛን ያጨበጭቡ እንደነበር በቃለ ምልልሶቻቸው ይናገራሉ። የገዛ ወገናቸውን በባዕድ ዓይን ማየት ተምረው ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ በሙሉ ያንን ዓይን ለመመለስ የተደረገ ትግል ይመስለኛል። «ሳንኮፋ» የሚለው ቃልም በጋና አካኖች ቋንቋ «ተመለስና ውሰድ» እንደማለት ነው።

ፊልሙ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ስላሉ ባሮች ነው። ከመካከላቸው ጆ የሚባል ወጣት አለ። እናቱ ኑኑ ከአፍሪካ ተግዛ የመጣች፣ ሌሎቹ ባሮች የሚያከብሯት ሴት ናት። ጆን ግን ቄሱ እናቱ አረመኔ እንደሆነች እየነገረ አሳድጎታል። ልጁ ይጸልያል፣ ሥዕል ፊት ይንበረከካል፣ እናቱን ግን ይጸየፋል። መጨረሻ ላይ በገዛ እጁ ይገድላታል። ማን እንደነበረች የሚገባው ከሞተች በኋላ ነው።

ወንድሜ «ምን ሆንክ?» ሲለኝ ነው ማልቀሴን ያወቅሁት። እኔ እናቴን አልገደልኩም። ነገር ግን ያን ቀን በጎረቤቶቿ ፊት ያደረግኩት ምን ነበር?

ወገኖቼ፣ ይህ ፊልም በቤተ ክርስቲያን ላይ ይጨክናል። አንዳንዶቻችሁ ብታዩት ያማችሁ ይሆናል፤ እኔንም አሞኛል። ፕሮፌሰሩም የእኛን ስብከት ሊሰብኩልን አልተነሡም። ሆኖም ያን ሌሊት ወንጌልን ስከፍት ጌታ ራሱ አስቀድሞ ተናግሮት አገኘሁት። ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው፤ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» እያሉ የሚነፍጉትን ሰዎች ጌታችን ገሥጿቸዋል። የገሠጸው ሃይማኖት የሌላቸውን አልነበረም፤ ሃይማኖታቸውን ወላጅን ለመተው ምክንያት ያደረጉትን እንጂ። ያ አሥራት ሰጪ ሰው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ «ጤዛ»ንም አየሁ። አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ፣ ወደ ጣና ዳር መንደሩ ይመለሳል። ያ ሁሉ ትምህርቱ የመንደሩን ልጆች ከጦር አፈሳ ማዳን አይችልም። እናቱ ግን ምን ይዘህ መጣህ አትለውም። ልጇ ነውና ትቀበለዋለች። እኔም ለመመለስ አንድ የሚሰጥ ነገር እስክይዝ መጠበቅ እንደሌለብኝ ገባኝ።

በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ ከጣርማ በር ወደ ሞላሌ ስንታጠፍ፣ በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ቤት የደረስኩት ሲመሽ ነው። እናቴ በር ላይ ነበረች፤ አርጅታለች። ጉልበቷን ይዤ «እማዬ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«እግዜር ይቅር ይበልህ። ግባ፣ ብርዱ ያምሃል» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም።

ሦስተኛው ቀን ማታ ዳዊቷን ከማህደሩ አውጥታ፣ «ዓይኔ ደክሟል፤ አማርኛውን አንብብልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። ያን ቀን ያስተዋልኩት፣ እሷ ከቃል የምታውቀውን እኔ ከመጽሐፍ እያየሁ መሆኑን ነው። አሁን በየወሩ እልክላታለሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ እንነጋገራለን፣ ለበዓል ስሄድም አነብላታለሁ።

«እናትህ ዳነች ወይ?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። እምነቴን አልተውኩም፤ ስለ ክርስቶስ ስትጠይቀኝም በትሕትና እመልስላታለሁ። ልቧን የሚያውቀው ግን ጌታ ነው። እኔ የማውቀው ያን ቀን «ጠላ አልጠጣም እማዬ፣ ዳቦውን ግን ቁረሽልኝ» ማለት እችል እንደነበር ነው። አንድ ቁራሽ ዳቦ አምስት ዓመት ባላስከፈለኝ ነበር።

ይህን የምታነቡ፣ በእምነታችሁ ምክንያት ከቤተሰብ ጋር የተቆራረጣችሁ ካላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ተገፍታችሁ ነው፤ ጌታ ያጽናናችሁ። እንደ እኔ ገፍታችሁ ከሆነ ግን ዛሬ ደውሉ። ወላጅ ሁልጊዜ አይጠብቅም።

ጌታ ሆይ፣ በስምህ ያዋረድናቸውን እንድናከብር እርዳን። አሜን።