በጾም የተፈተነው ተርኪ

ከዋሽንግተን የመጣችው የእኅቴ ልጅ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከአፍንጫዋ ወርዶ የማያውቀውን ወፍራም መነጽር ጥላ መጥታ «ኮርኒያዬን በሌዘር አስተካከሉልኝ» ብላ ስታስረዳኝ፣ ከትረካዋ ሁሉ በልቤ ተሰክቶ የቀረው፣ ቡናው እስኪቀዳ ድረስ እንደ ዋዛ ጣል ያደረገችው ነገር ነበር፤ ይኸውም ያ ጨረር መጀመሪያ የተፈተነው ከአሜሪካውያን የምስጋና በዓል ማዕድ በተረፈ ተርኪ ላይ ነው ማለቷ ነው። እኔም ወሬውን ቀድሞ ከአንድ ስፍራ ሰምቼው ስለ ነበር፣ እውነት ይሁን የፈረንጅ ተረት ሳልመረምር ማለፍ አልሆነልኝም።

እውነት ሆኖ ተገኘ። በኒው ዮርክ ግዛት ዮርክታውን ሃይትስ በሚባል ስፍራ ባለው የአይ.ቢ.ኤም. ምርምር ቤት፣ በህንድ አገር የተወለደው የኬሚስትሪ ሊቅ ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን በ1981 እ.ኤ.አ. በበዓሉ ማግስት የተርኪውን ትራፊ ከቤቱ ይዞ ገብቶ፣ ከባልንጀሮቹ ከጄምስ ዊንና ከሳሙኤል ብሉም ጋር ይመራመርበት በነበረው በኤክሳይመር ሌዘር ልም አጥንቱን ቈረጠው። ቀኑን ወደ እኛ አቈጣጠር ብመልሰው ኅዳር 18 ቀን 1974 ዓ.ም. ሆነ፤ ዕለቱም ዓርብ፣ ያውም ጾመ ነቢያት በገባ በአራተኛው ቀን! ነገሩ ቢከነክነኝ ለንስሐ አባቴ ባቀርብላቸው፣ «ቈረጡት እንጂ መች ቀመሱት? ደግሞስ ልጄ፣ ሰዎቹ የእኛን ጾም ይጾማሉ ብሎ ማን ነገረህ?» ብለው አሰናበቱኝ። ትራፊ የሚባለው ከተበላ በኋላ የቀረው መሆኑን፣ በዓሉ የዋለበት ሐሙስም ቢሆን በጾሙ ውስጥ መዋሉን ላነሣባቸው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መስቀሉን አሳልመውኝ ነበርና ተውሁት።

ለማነጻጸር የተሞከረው አረንጓዴ ሌዘር የቈረጠበትን ዳር ሁሉ አሳርሮ ሲተወው፣ ይህኛው፣ 193 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውና በዐይን የማይታየው ጨረር፣ ዙሪያውን ሳያቃጥል ንጹሕ ፈለግ አወጣ። ስቲቨን ትሮከል የተባለ የዐይን ሐኪም ከስሪኒቫሳን ጋር ሆኖ በ1983 እ.ኤ.አ. ነገሩን ወደ ኮርኒያ፣ ማለትም ወደ ዐይን ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን፣ አመጣው፤ መካከሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ከሚወፍረው ከዚህ ስስ አካል ላይ እያንዳንዱ የጨረር ምት የሚያነሣው የአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ሩብ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ግን፣ እኔም ቅርቡ ከሚደበዝዝባቸው ወገን ነኝና፣ የቆየ ቂሜን ሳላወጣ አላልፍም። ሩቁ የማይታያቸው ሰዎች በዚህ ጥበብ ዘንድ ሁልጊዜ ቀድመው የተስተናገዱ ናቸው፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለእነርሱ የፈቀደው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የእኛ ተራ የደረሰው በ1998 ነው። ምክንያቱን አላጣሁትም፤ የእነርሱን ለማቅናት የኮርኒያውን መካከል ፋቅ አድርጎ ማስተኛት ይበቃል፤ የእኛ ዐይን ግን ኳሱ አጥሮ ወይም ኮርኒያው ተዘርግቶ ብርሃኑ ከሬቲናው ወዲያ የሚገናኝ ስለ ሆነ፣ መካከሉን ሳይነኩ ዙሪያውን እንደ ቀለበት እየፋቁ መካከሉ ጕብ እንዲል ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህም ሥራ ረቂቅ ከመሆኑም በላይ ቅርጹ ወደ ነበረበት የመመለስ ጠባዩ ይበልጣል።

ከጨረሩ ፍቂያ ሌላ የተሰጠን ደግሞ እሳት ነበር። ላንስ የተባለው ሆላንዳዊ ገና በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጥንቸል ዐይን ላይ ሞክሮት ነበር፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሞስኮው ፊዮዶሮቭ በጋለ ሽቦ ኮርኒያውን በዙሪያው እየወጋ ተኰሰው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሆልሚየም ሌዘር፣ በ2002 ደግሞ ከፀጕር ብዙም በማትወፍር መርፌ በራዲዮ ሞገድ ማሞቅ ተፈቀደ። የሁሉም አሳብ አንድ ነው፤ የሞቀው የኮርኒያው ክር ተኰማትሮ እንደ መቀነት ዙሪያውን ሲያጠብቀው መካከሉ ይነሣል። ሆኖም ኮርኒያው ውሎ አድሮ ስለሚላላ፣ የሆልሚየሙን መሣሪያ የሠራው ኩባንያ እንኳ ብዙም ሳይቈይ ከሰረ። ባርሴሎና ተወልዶ ቦጎታ የሠራው ሆሴ ባራኬር በበኩሉ በረዶን መርጦ፣ የኮርኒያውን ገጽ ቈርጦ፣ አቀዝቅዞ፣ በመቅረጫ መኪና አስተካክሎ ወደ ቦታው ይመልሰው ነበር፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም የማደንቀው እርሱን ነው፤ ዐይኔን ግን አልሰጠውም ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜህ ከ40 አልፎ ጋዜጣውን ከፊትህ እያራቅህ የምታነብ ብትሆን፣ ገንዘብህን ቈጥረህ ወደ ሌዘር ቤት ከመገስገስህ አስቀድሞ ሐኪምህን አንድ ነገር ጠይቀው፤ ጕድለቱ በኮርኒያዬ ነው ወይስ ከበስተኋላው ባለው ሌንስ? ሌንሱ በዕድሜ የደረቀ እንደ ሆነ፣ ኮርኒያውን መፋቅ አያለሰልሰውም።