ወንዝን ተከትሎ እስከ ባሕር

ጕዞ ከእግር አስቀድሞ በሐሳብ ይጀመራል። እኛ ሦስት ጓደኛሞች የተወለድነው በአዋሽ ዳር ነው። አዋሽ ደግሞ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ስለዚህ ዛሬ በምንኖርባት በኮሎኝ ከተማ የራይን ወንዝ ሲወርድ ባየን ቍጥር፥ እስከ መጨረሻው በብስክሌት ልንከተለው ስንመኝ ኖረናል።

በራይን ዳር ርቀቱን የሚያመለክቱ ሰሌዳዎች ቆመዋል። ቍጥሩ ከኮንስታንዝ ድልድይ ይጀምራል፤ በኮሎኝ 688 ይደርሳል፤ በሆላንድ ጠረፍ ከ1030 ያልፋል። ልዩነቱን አስልተን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንብን፥ በአራት ቀን እንጨርሰዋለን ብለን ወሰንን። ነገር ግን የአገሩ ሜዳነት አታሎን ኖሯል፤ ዳገት በሌለበት ስፍራ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ራሱ ዳገት ነው።

ከዚህም በላይ ከመካከላችን አንዱ አምና ጕልበቱን ታሞ ነበር። «እናንተ ሂዱ፤ እኔ በባቡር ቀድሜ እጠብቃችኋለሁ» አለን። ቃሉ በትሕትና የተነገረ ቢሆንም እጅግ አሳፈረን፤ መንገዱን የለካነው በጤነኞቹ ጕልበት ነበርና። ስለዚህ የፊተኛውን ዕቅድ ቀደን ሌላ ጻፍን። አሁን ጕዞው ሰባት ቀን ነው፤ በቀን ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ነፋስ በበረታም ጊዜ ኹለታችን ተራ በተራ ከፊት እየሆንን እንከልለታለን።

ወንዝ ባሕር ሲገባ ከሦስታችን ያየ የለም። እንግዲህ በአንድነት እናየዋለን።