የአጎቴ ቮልስ

በየካቲት 2012 ዓ.ም. አዲሱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወጥቶ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ሲጣል፣ አዳማ ውስጥ ወሬው ሁሉ የመኪና ዋጋ ሆነ። በዚያው ሰሞን አክስቴ ግቢዋ ውስጥ ለዓመታት የቆመችውን የአጎቴን ቮልስ ለቁራሌው ለመሸጥ ተስማማች። ዋጋው በኪሎ ነው። ቆራርጠው ይጭኗታል፤ ቀልጣ ፌሮ ትሆናለች። እኔ የደረስኩት ሰዎቹ መቁረጫ ሊያመጡ እንደ ሄዱ ነው።

«እትዬ፣ ተይ፤ እኔ ልውሰዳት» አልኳት።

«ውሰዳት፤ ግን አንተም ግቢ ሄዳ እንዳትቆም። ስትሄድ አሳየኝ» አለችኝ።

አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሲወርሰው ሆላንዳውያኑ ዕቃቸውን እየሸጡ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ አጎቴም ቮልሷን የገዛው ያኔ ከአንደኛው ነው። በልጅነቴ የናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ መንገድ የጋሪ መንገድ ነበር። በፈረሶቹ መሀል ያቺ ድምፅዋ ከሩቅ የሚለይ መኪና ብቅ ስትል የሰፈሩ ልጅ ከኋላዋ ይሮጣል። እሑድ እሑድ እየተደራረብን ሶደሬ ፍል ውኃ እንወርድባት ነበር።

ለስምጥ ሸለቆ ሙቀት ቮልስን የሚያህል አልነበረም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። በበጋ ከመተሐራ ወይም ከመቂ በኩል የሚመጡ መኪናዎች ዳር ይዘው፣ ኮፈን ከፍተው ውኃ ሲለምኑ ቮልስ አልፋቸው ትሄዳለች። ይህ ሁሉ ግን የአንድ ቺንጋ ነገር ነው። ዲናሞውንም አየር የሚነፋውንም ማራገቢያ የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ በመሆኑ፣ ከተበጠሰ እዚያው ቆሞ መቀየር ግድ ነው። አጎቴ ትርፍ ቺንጋ ሳይዝ ከከተማ አይወጣም ነበር።

በገመድ ጎትተን ግቢዬ ካስገባናት በኋላ በቀጥታ የሄድኩት አጎቴ ያሠራባቸው ወደነበሩት አዛውንት መካኒክ ነው። ጋራዣቸውን ዘግተው ቤት ከዋሉ ቆይተዋል።

«ጋሼ፣ የአጎቴን ቮልስ ላስነሣት ነው» አልኳቸው።

«ሞተሯ በእጅ ይዞራል?» አሉኝ፤ ሌላ ምንም ሳይጠይቁ።

በማግስቱ መጡ። ካንዴላዎቹን አስወልቀው በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት አስጠጧት፣ አሳደሯት፣ ከዚያ በ30 ቁልፍ መዘውሩን ቀስ አድርገው ሲገፉት ዞረ። ጋሼ ፊታቸው በራ። «አልነከሰም፤ ፋሻዎቹ ደኅና ናቸው። ትነሣለች» አሉ።

በመጋቢት መጨረሻ በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሥራ ቀዘቀዘ፤ ግቢያችን ጋራዥ ሆነ። ጋሼ ማስካቸውን አድርገው ራቅ ብለው ዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጡና ያዛሉ፤ እኔና የባጃጅ ጥገና የሚማረው የእኅቴ ልጅ እንፈታለን። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በ4 ብሎን ብቻ ነው። እነሱን ፈትተን፣ በክሪክ ደግፈን ወደ ኋላ ስበን አወረድነው። ልጁ ሞተር ወጥቶ መሬት ላይ ሲቀመጥ ያየው ያን ቀን ነው፤ እስኪመሽ ከአጠገቡ አልተነሣም።

በዕረፍት ሰዓት ጋሼ ያወጉናል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስ ተሳፍረው ሲወሰዱ፣ እሳቸው አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ለማጅ ነበሩ። «ስንፈታትና ስንገጥማት የምንውላት መኪና በአንድ ቀን የታሪክ መኪና ሆነች» ይሉናል። ያኔ የቮልስን ሞተር ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱ እንደነበር የተረዳሁት፣ አሁንም ብሎኑን ሳያዩ ቁልፉን በቁጥር ሲጠሩልን ነው።

የኋላውን መቀመጫ ስናነሣ በመሀለኛው ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥሯን አገኘን። በ116 ይጀምራል። «ሦስተኛው አኃዝ ዓመቷ ነው» አሉ ጋሼ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1966 ሞዴል፣ 1300 ሲሲ፣ ባለ 6 ቮልት ናት። የናዝሬት ደረቅ አየር ወለሏን ከዝገት ጠብቆላታል፤ የበሰበሰው ባትሪው የሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ነበር፤ አሲዱ በልቶታል። ላሜራ ሠሪ አስመጥተን የተበላውን ቆርጦ በአዲስ ላሜራ በየደው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ስንገፍፍ ከነጩ ሥር ክሬም፣ ከክሬሙ ሥር ስቱኮ፣ ከሁሉም ሥር ፋብሪካው የቀባት ሰማያዊ ወጣ። እኔ ልጅ ሆኜ የማውቃት በነጭ ነው፤ በሰማያዊ ልንቀባት የተስማማነው ግን እዚያው ቆመን ነው።

ያስቸገረን የግራ የፊት ፓራፋንጎዋ ነው። ድሮ ጋሪ ገጭቶት ተቀዶ፣ ተበይዶ፣ በስቱኮ ተሞልቶ ኖሯል። ስቱኮው ሲራገፍ ላሜራው ወንፊት ሆኖ ተገኘ። ከውጭ ማስመጣት በዚያ ጊዜ የሚታሰብ አልነበረም። ሰዎች የአውቶቡስና የሚኒባስ ፓራውልት በፋይበር ወደሚጠግን አንድ ወጣት መሩን። አይቶት «ይሄ አይጠገንም፤ ደኅናውን አምጣልኝና አዲስ እሠራልሃለሁ» አለ። የቀኙ አይሆንም፤ ቅርጹ ተቃራኒ ነው። ሞጆ ያሉ አንድ የቮልስ ባለቤት ጉዳያችንን ሲሰሙ፣ የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን የሚፈታ ነውና፣ የገዛ መኪናቸውን ግራ ፈትተው ሰጡን። «ሥራችሁ ሲያልቅ ትመልሱልኛላችሁ» ከማለት በቀር ማስያዣ እንኳ አልጠየቁም።

ወጣቱ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። የተዋስነውን ፓራፋንጎ ሬዚን እንዳይዘው ደጋግሞ በሰም ወለወለው፤ በላዩ ላይ መጀመሪያ ቅርጽ ማውጫውን ሠራ። ከዚያ የቅርጽ ማውጫውን ውስጥ በሰም ወልውሎ ጄልኮት ቀባ፤ ሲይዝ የመስታወት ክር ምንጣፉን በልክ እየቀደደ እያነጠፈ በሬዚን አራሰው። ደረቁ ክር ነጭ ነው፤ ሬዚን ሲጠጣ ነጭነቱ ይጠፋና የሥሩን ያሳያል። ነጭ ሆኖ የቀረ ካለ አየር ታስሮበታል ማለት ነው፤ በሮለር እየገፋ ያስወጣዋል። ሬዚኑን የሚያደርቀው ሃርድነር ለ100 ግራም ከ1 እስከ 2 ግራም ቢሆን ነው። በናዝሬት ቀትር ያም ይበዛል፤ ጣሳው ይግላል፣ ሬዚኑ ብሩሹን እንደያዘ ይጠነክራል። ስለዚህ ሥራውን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። ደርቆ ከቅርጹ ሲፈነቀል ጧ አለና ወጣ። የእኅቴ ልጅ በአንድ እጁ አንሥቶ ሲስቅ፣ እኔ ጠርዙን በጣቴ ተከትዬ ከሞጆው ጋር አስተያየሁት፤ የብሎኑ ቀዳዳ ቦታ እንኳ አልተዛነፈም።

በዚህ ዘዴ ዓለም ያደነቃቸው የስፖርት መኪናዎች ተሠርተዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 የወጣችው የአሜሪካ ኮርቬት አካሏ በሙሉ ፋይበር ነው። በ1964 ደግሞ ብሩስ ሜየርስ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው ከጀልባ ሥራ የተማረውን ይዞ፣ በቮልስ ሞተር የምትሄድ የአሸዋ መኪና ከፋይበር ሠርቷል። ይህን ለወጣቱ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «ታዲያ እኛስ ሙሉውን ብንሠራ ምን ይከለክለናል?» አለኝ። አሁንም የሚከለክለው ነገር አይታየኝም።

ኤሌክትሪኩን ወደ 12 ቮልት ለወጥነው፤ የ6 ቮልት ባትሪ ፍለጋ ከመንከራተት ይሻላል። ዲናሞው፣ ኮይሉና አምፖሎቹ ተቀየሩ። ሞተሪኖውን ግን ጋሼ «እሱን ተዉት፤ ይችለዋል» አሉ፤ እንዳሉትም ሆነ። ሞተሩ ሲነሣ ጎረቤት አጥር ላይ ወጣ።

የመጀመሪያ ረጅም ጉዞዋ ወደ አሰላ ነበር። አክስቴ ከፊት፣ ጋሼና የእኅቴ ልጅ ከኋላ ተቀመጡ። መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግረን፣ ዴራን አልፈን፣ ዳገቱን ጀመርን። አሰላ ከአዳማ ከ700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ቮልሷ በሦስተኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተቀባበለች፣ አንዴም ሳትቆም ወጣችው። አክስቴ መንገዱን ሁሉ ስለ አጎቴ አወራችን፤ እንዲያ ስታወራ ከሞተ ወዲህ ሰምቻት አላውቅም።

ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረቱት ቮልሶች የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በአገራችን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱ መልካም ነው፤ ሆኖም የድሮዎቹን የሚተካልን እንደሌለ ማወቅ አለብን። ፓራፋንጎው ቢጠፋ ይሠራል፤ ወለሉ ቢበሰብስ ይበየዳል፤ 6 ቮልቱ 12 ይሆናል። ድምፁን ሰምቶ የቱ ቫልቭ እንደላላ የሚናገር ሰው ግን ካለፈ አለፈ። የእኅቴ ልጅ ዛሬ ከባጃጁ ጎን የካርቡራተር መኪና ይሠራል፤ የተማረውም በዚያች አንዲት ቮልስ ላይ ነው። በግቢያችሁ ቮልስ፣ ሰይቼንቶ ወይም ፔጆ ያቆማችሁ ሁሉ፣ ገንዘብ እስኪሞላ አትጠብቁ። ሽማግሌዎቹን መካኒኮች አሁኑኑ ጥሯቸው፤ አጠገባቸውም አንድ ወጣት ይቀመጥ።